ሽንት ሲበዛ ዩሪያና ጨው ምን ያህል ይወጣሉ? የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ለሕሙማን ከምንሰጣቸው ምክሮች መካከል «ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ ኩላሊትዎ ይታጠባል» የሚለውን ያህል የሚደጋገም ጥቂት ነው። ከምክሩ በስተጀርባ ያለው ግምት፣ ሽንት በበዛ ቁጥር ከደም የሚወገደው ቆሻሻም በዚያው ልክ ይበዛል የሚል ነው። ግምቱ እስከ አንድ ወሰን ድረስ እውነት ነው። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ በቁጥር ከተለካ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በየዎርዱ የሽንት መጠን ተለክቶ ሲመዘገብ ይህ እውቀት ብዙ ጊዜ አብሮ አይነበብም። ስለዚህ ወደ ታሪኩ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1842 ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ፣ ሽንት የሚጀምረው ደም በግሎሜሩለስ ውስጥ በግፊት ሲጣራ እንደሆነና ከተጣራውም አብዛኛው በቱቦዎቹ በኩል ወደ ደም እንደሚመለስ የሚገልጽ ሐሳብ አቀረበ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በብሬስላው የነበረው ሩዶልፍ ሃይደንሃይን ይህን ሐሳብ በሒሳብ ሊያፈርሰው ሞከረ። አንድ ሰው በቀን የሚያስወጣው ዩሪያ በማጣራት ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ በየቀኑ 70 ሊትር ያህል ፈሳሽ መጣራት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ የማይታመን ነው አለ። ዛሬ በጤናማ ጎልማሳ በቀን የሚጣራው 180 ሊትር ገደማ እንደሆነ እናውቃለን። ሃይደንሃይንን ያሳሳተው ስሌቱ ሳይሆን የስሌቱን ውጤት ለማመን አለመፍቀዱ ነበር።

ለክርክሩ አዲስ መንገድ ከከፈቱት አንዱ በዲጂታሊስ ጥናቱ ይበልጥ የሚታወቀው ስኮትላንዳዊው የመድኃኒት ሊቅ አርተር ኩሽኒ ነው። በ1902፣ በአሜሪካ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ሽንት በኃይል ሲፈስ በውስጡ ያሉት ጨዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ ያሳያሉን ብሎ ጠየቀ። የገበታ ጨውንና ሶዲየም ሰልፌትን በጥንቸሎች የደም ሥር ሰጥቶ ሽንታቸውን በየጊዜው እየሰበሰበ መረመረ። ፍሰቱ ከፍተኛ በነበረበት ሰዓት ሁለቱም ጨዎች በብዛት ወጡ። ፍሰቱ እየቀነሰ ሲሄድ ግን በሽንቱ ውስጥ ያለው የክሎራይድ ክምችት ወረደ፤ የሰልፌቱ ግን ወጣ። ኩሽኒ ለዚህ የሰጠው ፍቺ እንዲህ የሚል ነው፦ የተጣራው ፈሳሽ በቱቦዎቹ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ክሎራይዱ ወደ ደም የሚመለስበት ጊዜ ያገኛል፤ በፍጥነት ሲያልፍ ግን ጊዜው ስለሚያጥር ክሎራይዱም አብሮ ይወጣል፤ ሰልፌት ግን መመለሻው ጠባብ ስለሆነ በሁለቱም ጊዜ ወደ ሽንት ይሄዳል።

ኩሽኒ ይህን አስተሳሰብ አስፍቶ ስለ ሽንት አፈጣጠር በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ አቀረበው። እንደ እርሱ አባባል ሰውነት የሚፈልጋቸው እንደ ስኳርና ክሎራይድ ያሉት በተወሰነ መጠን ወደ ደም ይመለሳሉ፤ እንደ ዩሪያ ያሉት ቆሻሻዎች ግን ከተጣሩ በኋላ አይመለሱም። ለማስተማር የሚመች አከፋፈል ነበር። የዩሪያው ጉዳይ ግን አልጸናም። ዩሪያ ጭራሽ የማይመለስ ቢሆን ኖሮ የሽንት ፍሰት ቢጨምርም ቢቀንስም በደቂቃ የሚወጣው መጠን መለወጥ አልነበረበትም።

በ1921 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ሆስፒታል ኦስቲን፣ ስቲልማንና ዶናልድ ቫን ስላይክ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳየ። የሽንት ፍሰት በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ፣ የደም ዩሪያ መጠን ሳይለወጥ፣ የሚወጣው ዩሪያ ከፍሰቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይጨምራል። ከዚያ በላይ ግን ፍሰቱ ምንም ያህል ቢበዛ የዩሪያው መውጣት አይጨምርም። በ1928 ቫን ስላይክና ባልደረቦቹ ይህንኑ ዛሬ ሁላችንም በምንጠቀምበት «ክሊራንስ» በሚለው ቃል ገለጡት። በእነርሱ ልኬት በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ሽንት በሚወጣበት ጊዜ የጤናማ ሰው የዩሪያ ክሊራንስ በአማካይ 54 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከወሰኑ በላይ ደግሞ 75 ላይ ይቆማል።

ቁጥሩን ወደ ዎርድ እናምጣው። ግማሽ ሚሊ ሊትር በደቂቃ፣ ማለትም በቀን 720 ሚሊ ሊትር የሚሸና ሰው በዚሁ ስሌት ክሊራንሱ 38 ገደማ ይሆናል። በቀን ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ሽንት የሚሸና ሰው 75 ላይ ይደርሳል። 6 ሊትር ቢሸናም ያው 75 ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የኮፐንሃገኑ ፖል ብራንት ሬበርግ በ1926 ያደረገው ጥናት ረዳ። ሬበርግ ራሱ ክሬያቲኒን ጠጥቶ የተጣራውን ፈሳሽ መጠን በክሬያቲኒን ገመተ፤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከተጣራው ዩሪያ ከፊሉ ወደ ደም እንደሚመለስ ታየ። ውኃ ከቱቦው ሲመጠጥ የቀረው ዩሪያ ይከማቻል፤ ተከማችቶም ወደ ደም ይሰርጋል። ሽንት ሲበዛ ክምችቱ ስለሚላላ መስረጉ ይቀንሳል። የኩሽኒ «ጊዜ» እንግዲህ ሙሉው መልስ አልነበረም። ቫዞፕሬሲን ሽንት ሰብሳቢውን ቱቦ ለውኃ ብቻ ሳይሆን ለዩሪያም እንደሚከፍት ቆይቶ ታወቀ፤ የመጀመሪያው የዩሪያ አጓጓዥ ፕሮቲን ጂን የተለየውም በ1993 ነው።

የጨው ነገር ከዩሪያ ይለያል፤ በየዕለቱ ሥራችን የምንደናገረውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጤናማ ሰው አንድ ሊትር ውኃ ቢጠጣ ቫዞፕሬሲን ይቀንስና ሽንቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በሽንቱ የሚወጣው ሶዲየም ግን ብዙም አይለወጥም። ስኳር ወይም ማኒቶል በቱቦው ውስጥ ውኃ ይዞ ሲቀር ግን ሶዲየምና ፖታሲየምም አብረው ይወጣሉ። ፉሮሴማይድ ደግሞ በሄንሌ ቀለበት ላይ የጨውን መመለሻ ስለሚዘጋ ውኃው ጨውን ተከትሎ ይወጣል። በመለኪያው ላይ ሦስቱም «ሁለት ሊትር ሽንት» ተብለው ይመዘገባሉ። የስኳር ሕመምተኛው በኪቶአሲዶሲስ ሳለ ሽንቱ በደንብ ስለሚወርድ ብቻ ፈሳሽ አልጎደለበትም ብሎ መደምደም አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የዩሪያው ሕግ በተገላቢጦሽም ይሠራል። በተቅማጥና በትውከት ፈሳሽ ያጣ ሰው ሽንቱ ሲያንስ ዩሪያው ወደ ደም ይመለሳል፤ ስለዚህ የደም ዩሪያ ከክሬያቲኒን ቀድሞ ይወጣል። ዩሪያ ብቻውን የኩላሊት ሥራ መለኪያ ሆኖ ሊቀጥል ያልቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መፍትሔውም የጎደለውን ፈሳሽ መተካት እንጂ በላሲክስ ሽንት ማስወረድ አይደለም። በ2006 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የጥናቶች ግምገማ፣ ፉሮሴማይድ በድንገተኛ የኩላሊት ድካም ላይ ሞትንም ሆነ የዲያሊሲስ አስፈላጊነትን በጉልህ እንዳልቀነሰ አመልክቷል። ሽንት መጨመሩ ማጣራት ተሻሽሏል ማለት አይደለም፤ በጠና የደከመ ኩላሊት ላለበት ሰው ደግሞ ውኃ ብዙ ጠጣ ማለት ሳንባውን በፈሳሽ ሊሞላው ይችላል።

ስለ «መታጠቡ»ም ቢሆን የተመዘነ ማስረጃ አለ። በካናዳ ኦንታሪዮ ተደርጎ በ2018 በታተመ ሙከራ መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ካለባቸው 631 ሰዎች መካከል ውኃ አብዝተው እንዲጠጡ የተመከሩትና ያልተመከሩት ከአንድ ዓመት በኋላ በኩላሊታቸው የማጣራት አቅም መቀነስ ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። በአንጻሩ የኩላሊት ጠጠር ለመጀመሪያ ጊዜ በያዛቸው ሰዎች ላይ በጣሊያን ተደርጎ በ1996 በታተመ ሙከራ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ጠጠሩ የተመለሰባቸው ውኃ አብዝተው ከጠጡት 12 ከመቶ፣ ካልጠጡት ደግሞ 27 ከመቶ ነበሩ። በዚህኛው ላይ ውኃው የረዳው ከደም የሚወገደውን በማብዛት ሳይሆን በሽንቱ ውስጥ ያለውን የካልሲየምና የኦክሳሌት ክምችት በማቅጠን ነው።