ጭስ ያጠፋው ሞስ

በማንችስተርና በሼፊልድ መካከል ያለው የእንግሊዝ የፔናይን ደጋ ታሪክ፣ ጥፋት ሲቆም ተፈጥሮ ራሷን ትጠግናለች የሚለውን እምነት ይፈትናል። ደጋውን ይሸፍን የነበረው ስፋግነም የተባለው ሥር የለሽ የረግረግ ሞስ ከደረቅ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ ይይዛል፤ ሲሞትም በወጉ ሳይበሰብስ እየተደራረበ ጥቁሩን አፈር ይሠራል። ውሃውን በቅጠሉ ስለሚመጥ ግን የአካባቢው ከተሞች ፋብሪካዎች የድኝ ጭስ በቀጥታ መረዘው።

እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የንጹህ አየር ሕግ ጭሱን ቀነሰ። ታዲያ ሞሱ ለምን በራሱ ተመልሶ ደጋውን አልሸፈነም? የተራቆተው አፈር ደርቆና በጎርፍ ተሸርሽሮ፣ ብናኝ ዘሩ የሚበቅልበት እርጥበት ስላጣ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ጎርፍ የቆፈራቸው ቦዮች እየተገደቡ፣ ሞሱም በእጅ እየተተከለ ማገገም ጀምሯል። «ለሞስ ይህ ሁሉ ወጪ?» ለሚል፣ ያ አፈር የከተሞቹን የውሃ ግድቦች ይመግባል፤ የዘመናት ካርቦንም አምቆ ይዟል። ሕግ ጥፋትን ያስቆማል፤ የጠፋውን የሚመልሰው ግን ሥራ ነው።