ምክንያቱ ሳይታወቅ መመለስ፦ የሁለት አይሮፕላኖች ታሪክ

ዐማራት በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ከአይሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ የምትገኝ ሰፈር ናት። በዚያ ለኖሩ ኢትዮጵያውያን የአይሮፕላን ድምፅ እንግዳ አይደለም። ካርቱምም በአየር ጉዞ ታሪክ የራሷ ስፍራ አላት። ሚያዝያ 24 ቀን 1944 ዓ.ም. ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ አይሮፕላን ከሎንዶን ተነሥቶ፣ ሮምን፣ ቤይሩትን፣ ካርቱምን፣ ኢንቴቤንና ሊቪንግስተንን እየረገጠ በማግስቱ ዮሐንስበርግ ገባ። ይህም በጄት ሞተር የተደረገ የዓለም የመጀመሪያው መደበኛ የመንገደኞች በረራ ነበር።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚያን ዕለት ደስታ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የተገኘውን እንከን ነው። አንድ መኪና በአያያዝ ጉድለት ቢበላሽ ጉዳዩ የባለቤቱ ነው። እንከኑ ከአሠራሩ የመጣ ከሆነ ግን በዚያው ዐይነት በተሠሩት ሁሉ ላይ ይኖራል። ስለዚህም በአሜሪካ በ1958 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ሕግ፣ የመኪና ፋብሪካዎች ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ባገኙ ጊዜ ለባለቤቶቹ እንዲያስታውቁ አስገደደ። መኪናው ለጥገና ተመልሶ ይጠራል፤ አይሮፕላኑ ደግሞ ከበረራ ይታገዳል።

ጥር 2 ቀን 1946 ዓ.ም. ያ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገው ኮሜት ራሱ፣ ከሮም ወደ ሎንዶን ሲበር በኤልባ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ተሰባብሮ ወደቀ፤ 35 ሰዎችም ሞቱ። ባለቤቱ ድርጅት የቀሩትን ኮሜቶች ከሥራ አወጣ። ልዩ ልዩ ማሻሻያዎችም ተደረጉ፤ ዳሩ ግን የአደጋው ምክንያት ገና አልታወቀም ነበር። ይህም ሆኖ መጋቢት 14 ቀን በረራው እንደገና ተጀመረ። ከ16 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ ሌላ ኮሜት በኔፕልስ አቅራቢያ ባሕር ገባና 21 ሰዎች አለቁ።

በዚህ ጊዜ የመብረር ፈቃዱ ተሰረዘ። መርማሪዎች አንድ ሙሉ ኮሜት በውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በበረራ ጊዜ የሚደርስበትን ግፊት ደጋግመው ሰጡት። የአይሮፕላኑ አካልም ከክፍተቶቹ ማእዘን ጀምሮ ተሰነጠቀ። ምክንያቱ የብረት መዛል ነበር። ተማሪ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ቢያጥፍ በመጨረሻ እንደሚሰበርበት ያለ ማለት ነው።

ከ65 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ታሪክ በአገራችን ደረሰ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ቦይንግ 737 ማክስ የተባለ አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ይህ አይሮፕላን ከአንድ መለኪያ ብቻ በሚያገኘው መረጃ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋ መሣሪያ ነበረው፤ መለኪያው ሲሳሳት መሣሪያውም ይሳሳታል። ለአብራሪዎች መመሪያ ቢተላለፍም አይሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። ከአራት ወር ከ12 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የ35 አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

አየር መንገዱ የቀሩትን ማክሶች ከዚያው ዕለት ጀምሮ አገደ፤ ቻይና በማግስቱ ተከተለች። አይሮፕላኑ የተሠራባት አሜሪካ ግን እስከ መጋቢት 4 ቀን ቆየች። ስለ አብራሪዎቹ ድርሻ የተለያየ አስተያየት ቢሰጥም፣ መሣሪያው መታረም እንዳለበት ያከራከረ አልነበረም። እገዳውም በአሜሪካ የተነሣው ከ20 ወር በኋላ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር።

ሁለቱን ታሪኮች ስናስተያይ፣ የመጀመሪያው አደጋ የእውቀት ማነስ ነው ልንል እንችል ይሆናል። ሁለተኛው ግን የመቸኮል ዋጋ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። መምህራንም ይህን ታሪክ በክፍል ሲያነሡ፣ ተማሪዎች «አደጋውን ማን አደረሰው?» ከማለት አልፈው «ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ ምን ታወቀ? ምንስ ተደረገ?» ብለው እንዲጠይቁ ቢያለማምዷቸው መልካም ነው። በኔፕልስ 21፣ በቢሾፍቱ 157 ሰዎች የሞቱት ይህ ጥያቄ በጊዜው በቂ መልስ ስላላገኘ ነውና።