ካርዱ ላይ ያልጻፍኩት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ክፍል ውስጥ ያላስተማርኳችሁን አንድ ነገር ዛሬ ላውጋችሁ።

በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ነፋስ መውጫን አቋርጦ ያልፋል። ዝናብ ባጠረ ቁጥር ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወንዱ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፤ ሴት ልጆች ደግሞ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ከተማ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ በደህና ይደርሳሉ። አንዳንዷን ግን ደላላ ወይም «አክስቷ ነኝ» ባይ መናኸሪያ ላይ ተቀብሎ መጠጥ ቤት ያስገባታል። ዕዳ ቆጥሮባት፣ መታወቂያዋን ይዞ፣ ገላዋን ይሸጣል።

እኛ የጤና ሰዎችስ የት ነበርን? የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረ፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ 16 ፓኬጅ ይዘው ቤት ለቤት ገቡ። ወባው፣ ክትባቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉ አለበት። በሰው መነገድ ግን ከ16ቱ አንዱ አልነበረም።

ሕጉ ቀደመን። በ2007 አዋጅ 909፣ በ2012 ደግሞ እሱን የተካው አዋጅ 1178 ወጣ። ወንጀል ለመሆን ድንበር መሻገር ግድ አይደለም፤ ተጎጂዋም ሕክምና ይገባታል። ችግሩ፣ ሕጉን የሚያውቀው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ልጅቷ ግን ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትመጣው እኛ ጋ ነው።

እኔ ጋም መጥታ ነበር። ዕድሜዋ ከ16 አይበልጥም። ለሦስተኛ ጊዜ የማሕፀን ኢንፌክሽን ይዟት ነው የመጣችው። ስሟን ስጠይቅ አብራት የመጣችው ሴትዮ መለሰች። «አገርሽ የት ነው?» ስላት አሁንም ሴትዮዋ «ከጋይንት ነው ያመጣኋት» አለች። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። መድኃኒት አዘዝኩ፤ ካርዱ ላይ የበሽታውን ስም ጻፍኩ። ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ጎበዝ ነርስ ነኝ ብዬ እኮ ነበር! ያንን እንዳይ ግን ማንም አላሠለጠነኝም፤ እኔም በተራዬ እናንተን አላሠለጠንኩም።

ስለዚህ ይኸው፣ ዘግይቶም ቢሆን። ሌላ ሰው የሚመልስላት፣ የምታድርበትን ሰፈር የማታውቅ፣ ስልኳም መታወቂያዋም በሰው እጅ የሆነ ልጅ ስትመጣ «ምርመራው ለብቻ ነው» ብላችሁ አጃቢዋን አስወጡ። ሴትዮዋን አትጋፈጡ፤ መዘዙ ማታ የሚወርደው ልጅቷ ላይ ነው። መጀመሪያ አክሟት። ቀስ ብላችሁ «ልሂድ ብትዪ ያስኬዱሻል?» በሏት። ለአካለ መጠን ካልደረሰች ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ጋር ሳታገናኙ አትሸኟት። ትልቅ ሰው ከሆነች ምርጫው የሷ ነው፤ ዛሬ እምቢ ብትል በሩ ክፍት መሆኑን ንገሯት።

ዛሬ ማታ ተረኛ የሆናችሁ፣ አደራ።