የብሌግዳም ሆስፒታል ሙከራ፦ የዘጊ አናዳ ሴረምና የ1948 አፈ ታሪክ

የሕክምና ታሪክ ጸሐፍት ከሞላ ጎደል የሚስማሙበት አንድ ትረካ አለ። አንድ መድኃኒት መፈወስ አለመፈወሱ ሕመምተኞችን ያለ አድልዎ ለሁለት በመክፈል የተፈተነው መጀመሪያ በ1948፣ በእንግሊዝ አገር፣ በሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ በስትሬፕቶማይሲን ነው ይባላል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለዚህ ትረካ ክብደት ከሰጡት አንዱ ሰር ሪቻርድ ዶል ናቸው። በ1998 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተሙት መጣጥፍ፣ ከርዕሱ ጀምሮ፣ 1948ን ሁለት ዘመናትን የሚለይ ወሰን አድርገው አቅርበውታል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መጽሔት፣ ህሮቢያርትሶን፣ ጎትሼና ግሉድ የተባሉ ተመራማሪዎች ወሰኑን ግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ የሚገፋ ሰነድ ለአንባቢ አስታውሰዋል። ሰነዱ ዮሃነስ ፊቢገር በ1898 በአንድ የዴንማርክ የሕክምና መጽሔት ያወጡት፣ በዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) ሴረም ላይ የተደረገ ሙከራ ዘገባ ነው። ከዚያ ወዲህ የፊቢገር ስም በግርጌ ማስታወሻ ይጠቀሳል፤ ትረካው ግን እንዳለ ቀጥሏል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ሁለት ነው። የፊቢገር ሥራ ለ1948 እንደ መንደርደሪያ የሚታይ ሳይሆን ራሱ ምሉዕ ፈተና ነው። መዘንጋቱም የታሪክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬ አልጋ ላይ ላለው ሕመምተኛም ይተርፋል።

ስለ በሽታው ሳይንሳዊ ታሪክ የምከራከረው የለኝም። ክሌብስ በ1883 ባክቴሪያውን አዩት፤ ሎፍለር በ1884 ለይተው አሳደጉት፤ ሩ እና የርሲን በ1888 የሚገድለው ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ መሆኑን አሳዩ፤ ቤህሪንግና ኪታሳቶ በ1890 መርዙን የሚያከሽፍ ነገር በተከተቡ እንስሳት ደም ውስጥ እንደሚገኝ አስታወቁ። ቤህሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው።

ክርክሩን ለመከተል ግን የመርዙን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። ባክቴሪያው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። እዚያ የሞቱት ሴሎች፣ ፋይብሪንና ነጭ የደም ሴሎች ተጋግረው ግራጫማ ሽፋን ይሠራሉ። ሽፋኑ ከሥጋው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ሊያነሱት ሲሞክሩ ይደማል። ሐኪም ከተራ የቶንሲል ሕመም የሚለየውም በዚህ ነው። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከፍ አይልም፤ ይህም ወላጅንም ሐኪምንም ያዘናጋል። ሽፋኑ ወደ ማንቁርት ከወረደ ትንፋሽ ይዘጋል። አንገት አብጦ የበሬ አንገት ሲመስል ሕመሙ መክፋቱን ያመለክታል። መርዙ በደም ተሰራጭቶ ወደ ልብ ጡንቻና ወደ ነርቭ ሴሎች ይገባል፤ እዚያም የፕሮቲን ምርትን ያቆማል። ስለዚህ ጉሮሮው የዳነ የመሰለ ልጅ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በልብ ድካም ሊሞት ይችላል፤ የላንቃው ነርቭ ደክሞ የጠጣው ውሃ በአፍንጫው ሊመለስ ይችላል። ከተከተቡ እንስሳት ደም የሚወጣው ሴረም የሚያከሽፈው ደም ውስጥ የሚዘዋወረውን መርዝ ብቻ ነው። ሴል ውስጥ የገባውን አያወጣም። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ መተላለፉንም ይገታል፤ የተረጨውን መርዝ ግን አይነካውም።

አሁን ወደ 1894 እንመለስ። በዚያ ዓመት ኤሚል ሩ በቡዳፔስት ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ዘገባ አውሮፓን አነቃነቀ። በፓሪሱ የሕጻናት ሆስፒታል ሴረም ከተሰጣቸው ልጆች የሞቱት ሩብ ያህሉ ነበሩ። ቀደም ባሉት ዓመታት በዚያው ሆስፒታል ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር። ሴረም ባልደረሰው በትሩሶ ሆስፒታል ደግሞ በዚያው ጊዜ የሞቱት 60 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጋዜጦች መዋጮ አሰባሰቡ፤ ሴረሙ የሚወጣባቸው ፈረሶች ተገዙ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ።

አላለቀም ነበር። የሩን ቁጥር ለመቀበል ሦስት ነገር ማመን ያስፈልጋል፤ ወረርሽኙ ከዓመት ዓመት ክፋቱ አለመለዋወጡን፣ ወደ ሁለቱ ሆስፒታሎች የሚመጡት ልጆች ሕመማቸው እኩል መክበዱን፣ “ዘጊ አናዳ” ተብሎ የሚመዘገበውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑን። ሦስቱም አይታመኑም። በተለይ ሦስተኛው በታሪክ ጸሐፍት ዘንድ የሚገባውን ያህል አልተመዘነም። ሴረሙ ወደ ሆስፒታል በገባበት ጊዜ የላቦራቶሪ ምርመራም አብሮ ገብቷል። ከዚያ በፊት ሐኪም ዘጊ አናዳ ብሎ የሚመዘግበው ሽፋኑ በግልጽ የታየውን፣ ትንፋሹ ያጠረውን፣ ማለትም ወደ ሞት ያዘነበለውን ልጅ ነበር። ምርመራው ሲመጣ ጉሮሮው ብቻ የቀላ፣ ያለ ምንም መድኃኒት የሚድን ልጅም ባክቴሪያው ስለተገኘበት መዝገብ ውስጥ ገባ። የሞቱት ቁጥር ባይለወጥ እንኳ የታመሙት ቁጥር ስለጨመረ የሞት ምጣኔው በወረቀት ላይ ይወርዳል። ተጠራጣሪዎች ሴረሙ የተመሰገነው በዚህ ምክንያት ነው ሲሉ ለክርክራቸው መሠረት ነበራቸው። በዚያ ላይ በኤፕሪል 1896 የበርሊኑ የፓቶሎጂ ሊቅ የሮበርት ላንገርሃንስ ትንሽ ልጅ ለመከላከያ በተወጋው ሴረም ወዲያው ሞተ። ሴረሙ አንዳንዱን ሊገድል እንደሚችል ሕዝብ ሁሉ አወቀ።

የፊቢገር ሙከራ የተጀመረው በቀጣዩ ወር ነው። ቦታው በኮፐንሃገን የተላላፊ በሽታዎች ማከሚያ የነበረው ብሌግዳም ሆስፒታል ነበር፤ የዚያው ዋና ሐኪም ሶሬንሰን ራሳቸው ሴረሙን በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። ፊቢገር በዘጊ አናዳ ባክቴሪያ ላይ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ገና የጨረሱ ወጣት ሐኪም ነበሩ። ዘዴያቸው ቀላል ነው። አንድ ቀን ለገባ ሕመምተኛ የተለመደው እንክብካቤ ሴረም ተጨምሮበት ይሰጠዋል፤ በማግስቱ ለገባው የተለመደው ብቻ። እንዲህ እየተፈራረቀ አንድ ዓመት ዘለቀ። የወቅቱ መለዋወጥ፣ የወረርሽኙ መክፋትና መለዘብ፣ የምርመራው መስፋት፣ የነርሶቹ ትጋት፣ ሁሉም በሁለቱ ወገን ላይ እኩል ወረደ። የሩን ቁጥር ያናጉት ሦስቱም ጥርጣሬዎች በአንድ የአሠራር ደንብ ተወገዱ። ይህም የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። ፊቢገር በዘገባቸው ቀደም ያሉት ንጽጽሮች ለምን እንደማይታመኑ፣ በአድልዎ ያልተመረጡ ብዙ ሕመምተኞች በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን መታከም ለምን እንዳለባቸው አብራርተው ጽፈዋል።

ውጤቱ ይህ ነው፤ ሴረም ካገኙት 239 ሕመምተኞች 8 ሞቱ፤ ካላገኙት 245 ሕመምተኞች 30 ሞቱ። ምጣኔው 3.3 በመቶ በ12.2 በመቶ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመፈጠሩ ዕድል በዛሬው ስሌት ከሺህ አንድ አይሞላም። በሌላ አነጋገር ሴረም ከተሰጣቸው በየ11ዱ ሕመምተኞች የአንዱ ሕይወት ተርፏል። ፊቢገር ጉዳቱንም አልደበቁም፤ ሴረም ከተሰጣቸው ከግማሽ በላዩ በሴረም ሕመም፣ ማለትም በሽፍታ፣ በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ መቸገራቸውን መዝግበዋል።

እንግዲህ ይህን ከ1948ቱ ጋር እናስተያየው። በስትሬፕቶማይሲን ሙከራ የተሳተፉት 107 ናቸው። መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሕመምተኞች በስድስት ወር 4 ሞቱ፤ ካላገኙት 52 ሕመምተኞች 14 ሞቱ። የኮፐንሃገኑ በሕመምተኞች ብዛት ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ጥያቄው ከጅምሩ ተለይቷል፣ ንጽጽሩ በአንድ ጊዜ ተካሂዷል፣ የተመዘነው ሞት ነው፣ ጉዳቱም ተቆጥሯል። ዶል በ1948 ተጀመረ የሚሉት ነገር ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ በ1896 አለ። አንዱ ቀሪው ዕጣው ነው። የ1948ቱን ሙከራ የነደፉት ብራድፎርድ ሂል ምደባውን አስቀድመው በዕጣ ወስነው በታሸገ ፖስታ ውስጥ አስቀመጡ፤ ሐኪሙ የሚቀጥለው ሕመምተኛ የት እንደሚመደብ አያውቅም። በኮፐንሃገን ግን ነገ የማን ቀን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይህን አልክድም፤ ፖስታው እውነተኛ ማሻሻያ ነው። ነገር ግን ማሻሻያን ልደት ብሎ መጥራት ሌላ ነገር ነው። ዶል የሂል የቅርብ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ ከ1950 ጀምሮ ሲጋራና የሳንባ ካንሰርን ያገናኙት ጥናቶቻቸው የሁለቱ የጋራ ሥራ ናቸው። የባልደረባን ሥራ ማክበር ያስመሰግናል። የዴንማርክ ቋንቋ የማያነብ ታሪክ ጸሐፊ ግን በእንግሊዝኛ ያልተጻፈውን ሁሉ ከወሰኑ ማዶ ሊተወው አይገባም።

ተቃውሞዎች አሉ። ቀኑ የታወቀ ስለሆነ በጠና የታመመውን ልጅ ወደ ሴረም ቀን መግፋት ይቻል ነበር ይባላል። ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ እስከ ነገ ደጅ የሚያቆይ ሆስፒታል አልነበረም። ቢቆይም እንኳ ጠና ያለው ወደ ሴረሙ ወገን ስለሚሄድ ስሕተቱ ሴረሙን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ሐኪሞቹ ማን ምን እንዳገኘ ያውቁ ነበር ይባላል። ሞት ግን ከዕይታ አድልዎ በጣም የራቀ መለኪያ ነው፤ በ1948ም ቢሆን ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ ይሰጥ ስለነበር ማን እንዳገኘ ስውር አልነበረም።

ከበድ የሚለው የአዶልፍ ቢንገል ሙከራ ነው። ቢንገል በብራውንሽቫይግ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት 937 ሕመምተኞችን በየተራ ከፍለው ለግማሹ ፀረ መርዝ ሴረም፣ ለግማሹ ተራ የፈረስ ሴረም ሰጡ። ሐኪሞቹ የትኛው የት እንደተሰጠ እንዳያውቁ አደረጉ። በ1918 ባሳተሙት ዘገባም በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘሁም አሉ። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ፊቢገር የጠየቁት ሴረም ከመስጠትና ካለመስጠት የቱ ይሻላል ብለው ነው፤ የቢንገል መልስ ይህን አይሽርም። ፀረ መርዙ መርዙን ማክሸፉ ደግሞ ከኤርሊክ የ1897 የመለኪያ ሥርዓት ጀምሮ የእያንዳንዱ ጠርሙስ ኃይል በእንስሳ ላይ ሲለካ የታየ ነገር ነው። አንድ ሙከራ ሁሉን ነገር አይወስንም፤ ይህ ለፊቢገርም ይሠራል። የማስረጃው ክብደት ግን ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ለዛሬ ምን ይረባል? በ2020 የታተመ አንድ ጥቅል ትንተና እንደሚለው፣ ካልተከተቡና ካልታከሙ ሕመምተኞች 29 በመቶው ይሞታሉ፤ ሴረሙ ሞትን በ76 በመቶ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ሴረሙ ከመሰጠቱ በፊት በልማድ የሚደረገው የቆዳ አለርጂ ምርመራ እንዲቀር፣ ከፔኒሲሊን ይልቅ አዚትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን እንዲመረጥ መክሯል። ከማስረጃዎቹ አንዳንዶቹ የሚታመኑበት ደረጃ ግን ዝቅተኛ ተብሎ ተመዝኗል። ሴረም ከልክሎ ማነጻጸር ዛሬ በሥነ ምግባር አይፈቀድምና ሴረም ሕይወት ያድናል አያድንም ለሚለው ጥያቄ የብሌግዳም ሆስፒታል መዝገብ ምትክ የለውም። ይህን ሥራ የማያውቅ ወጣት ሐኪም “ማስረጃው ደካማ ነው” የሚለውን አንብቦ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሊጠብቅ ይችላል። መርዙ ግን አይጠብቅም። ሽፋኑን ያየ ሐኪም ናሙና ወስዶ፣ ሕመምተኛውን ለይቶ፣ ሴረሙን በዚያው ቀን መስጠት አለበት።

በእኛ አገር መዘግየቱ አንድ ተጨማሪ መንገድ አለው። ጉሮሮውን የታመመ ልጅ በብዙ አካባቢ መጀመሪያ የሚወሰደው እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው ነው። ቁስሉ ሽፋኑን ይሸፍናል፤ ቀናት ይባክናሉ። መከላከያው በእጃችን አለ። ጋስቶን ራሞን በ1923 በፎርማሊንና በሙቀት ያከሸፉት መርዝ ዛሬም በክትባቱ ውስጥ ያለው ነው። ኢትዮጵያ ከ2007 ጀምሮ በአምስት በሽታ ክትባት ውስጥ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ትሰጠዋለች። ሦስቱን የጨረሰ ልጅ ከሕመሙ በ87 በመቶ ይጠበቃል። ጥበቃው ግን ከዓመታት በኋላ ይላላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ጉርምስና ሦስት ማጠናከሪያ ክትባቶች የሚመክረው ለዚህ ነው። ያገገመ ሕመምተኛም መከተብ አለበት፤ ሕመሙ ራሱ አስተማማኝ መከላከያ አይተውም። በ2015 በስዊዘርላንድና በጀርመን ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካና ከሶርያ በመጡ ስደተኞች ቁስል ላይ መርዝ አመንጪው ባክቴሪያ ተገኝቷል። በሽታው በቆዳ ላይም እንደሚያድር፣ ከቆዳም ወደ ሌላ ሰው ጉሮሮ እንደሚሻገር ብዙ ሐኪሞቻችን አያስቡትም።

ስለ ሴረሙ መጠን ያልተፈታ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም በፊቢገር ዘዴ ሊፈታ የሚችል ነው። ሴረሙ አሁንም ከፈረስ ደም ይሠራል፤ የሚያመርቱት ጥቂቶች ናቸው፤ በ2017 በኮክስ ባዛር፣ በ2023 በናይጄሪያ ወረርሽኝ ሲነሳ እጥረቱ ታይቷል። መጠኑ እንደ ሕመሙ ክብደትና እንደቆየበት ቀን ከ20,000 እስከ 100,000 ዩኒት ይደርሳል። የ2024ቱ መመሪያ ይህን ከፍ ዝቅ የሚል አሰጣጥ የሚመክረው በቅድመ ሁኔታ ነው። ዝቅተኛው መጠን ለመካከለኛ ሕመምተኛ የሚበቃ ከሆነ አንዱ የሚወስደው ሴረም ለሁለት ወይም ለሦስት ይዳረሳል። ሁለቱን መጠኖች በዕጣ ማነጻጸር ማንንም ሴረም አያስከለክልም፤ የታሸገውን ፖስታ መጨመርም አይከብድም። ጥናቱን ለመጀመር የሚያስፈልገው ወረርሽኙ ሳይመጣ የተጻፈና የጸደቀ የምርምር ዕቅድ፣ ሽፋኑን ለይተው የሚያውቁ ሐኪሞችና ማን ሕመሙ በጀመረው በስንተኛው ቀን እንደገባ በትክክል የሚይዝ መዝገብ ነው።