ማዘዣው ከመመሪያው ኋላ
ፋርማሲስት ነኝና የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚቆየውን የሳንባ ሕመም፣ የሲኦፒዲን ታሪክ የማነበው ከማዘዣ ወረቀት ላይ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በማገዶ ጭስ ያበሰሉ እናቶች ይዘውልኝ የሚመጡት ወረቀት ብዙ ጊዜ ሳልቡታሞል ፓፍና ፕሬድኒሶሎን ኪኒን ይላል።

ሳልቡታሞል እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዝ አገር ገበያ ላይ ሲውል ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የጠበበውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ይከፍታል። ኃይሉ ግን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ጎልድ የተባለው ዓለም አቀፍ ስብስብ የመጀመሪያ የሲኦፒዲ መመሪያውን በ2001 አወጣ። በቀን 1 ጊዜ የሚሳበው፣ ረጅም ጊዜ የሚሠራው መድኃኒት ቲዮትሮፒየምም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ።

ፕሬድኒሶሎን የሚመደብበት የስቴሮይዱ ታሪክ ግን ያሳስበኛል። ለአስም ሕመምተኛ ሕይወት አድን የሆነው የሚሳብ ስቴሮይድ ለሲኦፒዲም በገፍ ይታዘዝ ጀመር። በ2007 የታተመው ቶርች የተሰኘ ጥናት ግን ስቴሮይዱን በሚወስዱት ላይ የሳንባ ምች በርክቶ እንደታየ አሳወቀ። መመሪያውም እየጠበቀ ሄደ፤ በ2023ቱ እትም ሕክምና ሲጀመር ስቴሮይድ የሚታሰበው ሕመሙ ለሚያገረሽበትና በደሙ ውስጥ ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮሊትር 300 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። ማዘዣው ግን እንግሊዝ አገር እንኳ ለዓመታት ወደ ኋላ ቀርቷል።

እኛ ዘንድ ችግሩ ይለያል፤ ረጅም ጊዜ የሚሠራው መድኃኒት ውድ ነው፣ የትንፋሽ መለኪያውም ስፓይሮሜትር በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን ለወራት ይቀጥላል፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ሐኪሞችና የሙያ ባልደረቦቼ፣ ይህን ኪኒን ለሚያገረሽበት ወቅት ለ5 ቀን ያህል ብቻ እንስጥ፤ የፓፉን አሳሳብም በእጃችን ይዘን እናሳያቸው።