ማርጋሪታ ሐይቅን የሚያውቅ አለ?

መሀል አገር ጥቅምት ሲባል ብርድና የጠራ ሰማይ ነው። አርባ ምንጭ ግን ገና ይዘንባል። ኩልፎ ደፍርሶ ነበር። በጠዋት ጫሞ ላይ በሞተር ጀልባ ወጣን፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል ተብለናል። ኩልፎ ሐይቁ የሚገባበትን «አዞ ገበያ» ይሉታል፤ ሻጩም ገዢውም አዞ ነው። ከዚያ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን።

ጀልባ ነጂውን «ማርጋሪታ ሐይቅን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«ፒዛው ነው?» ብሎ ሳቀ።

ብዙም አልራቀም። ፒዛው የተሰየመው በጣሊያኗ ንግሥት በማርጋሪታ ነው ይባላል። ከእግዜር ድልድይ ማዶ ያለው አባያም በእሷ ስም ተጠርቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪቶሪዮ ቦተጎ የሚባል ጣሊያናዊ መኮንን ጥቅምት 1888 ከሶማሊያ ጠረፍ ከብራቫ ተነሳ። አባያ ዳር የደረሰው ግንቦት ላይ ነው። አይቶ «ንግሥት ማርጋሪታ» አለው። ልብ በሉ ወዳጆቼ፣ የንግሥቲቱ ባል የንጉሥ ኡምቤርቶ ጦር የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ከተሸነፈ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ቦተጎ ወሬውን አልሰማም። በመጋቢት 1889 ወለጋ ውስጥ ተገደለ። ጫሞም ብትሆን አልቀረላትም፤ በ1886 ደቡብ ውስጥ ዝሆን በገደለው በልዑል ሩስፖሊ ስም ተጠርታለች።

ሰውየው ሞተ፣ ስሙ ግን በፈረንጅ ካርታ ላይ አሥርት ዓመታት ቆየ። እዚህ ግን ማንም አልተቀበለውም። የጊዲቾ ደሴት ሰው በታንኳ ሲሻገር የሚሻገረው አባያን ነው፤ ጫሞ ላይ መረብ የሚጥለውም ጫሞ ላይ ነው የሚጥለው። ስሙን ያተረፈው አዋጅ ሳይሆን በሐይቁ የሚኖረው ሰው አፍ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ስንመለስ የኩልፎን አፍ ዳግም አየሁት፤ ቀይ ጭቃ ነው። ከጋሞ ደጋ የታጠበ አፈር በከተማው መሀል አልፎ ጫሞ ይገባል። አባያ ሲሞላም ትርፉ በኩልፎ በኩል ወደ ጫሞ ነው የሚወርደው። ላይ የተራቆተው ሁሉ ታች ይከማቻል።

ስሙን ከቦተጎ ለማትረፍ መጥራት ብቻ በቃ። ውኃውን ግን ከራሳችን ማትረፍ አለብን፤ ለዚያ ደግሞ መጥራት ብቻ አይበቃም።

ሰላም ዋሉ።