መድኃኒቱ ማንን ከወንበር አስነሳ?

የ11 ሰዓት ታክሲ አስቡ። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። አንድ ጉልበተኛ ይገባና የተቀመጠውን አስነስቶ ቁጭ ይላል። የተነሳው ሰውዬስ የት ይሄዳል? የዛሬው ታሪኬ ስለዚህ ሰውዬ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ፣ ቦታው ኒውዮርክ የሚገኘው ቤቢስ ሆስፒታል ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው ተብሎ ፔኒሲሊንና ሰልፊሶክሳዞል የሚባል የሰልፋ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። ዶክተር ዊሊያም ሲልቨርማንና ባልደረቦቹ ይህን ከሌላ አንቲባዮቲክ፣ ከኦክሲቴትራሳይክሊን ጋር ለማወዳደር ሕፃናቱን በዕጣ ለሁለት መደቧቸው። ውጤቱ በ1956 ሲታተም ጉዱ ወጣ። ሰልፋ ከተሰጣቸው ሕፃናት የሞቱት በለጡ። አስከሬናቸው ሲመረመርም ቢጫ ቀለም የገባበት አንጎል በእነሱ ላይ በዝቶ ተገኘ።

ቢጫው ነገር ቢሊሩቢን ይባላል፤ ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። የጨቅላ ጉበት ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። እኛ የወፍ በሽታ የምንለው ይሄንኑ ነው። እስኪወገድ ድረስ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ተሸክሞት ይዞራል። ታክሲያችን አልቡሚን ነው ማለት ነው።

በ1959 ጄራርድ ኦዴል የተባለ ሐኪም እንቆቅልሹን ፈታው። ሰልፋው አልቡሚን ላይ ሲቀመጥ ቢሊሩቢኑን ያስነሳዋል። የተነሳው ቢሊሩቢን ደግሞ አንጎል ውስጥ ይገባል።

እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ሐኪሞቹ ክፉ አለመሆናቸው ነው። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድል ነበር። ደም ውስጥ ማንን እንደሚያስነሳ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬ አዲስ መድኃኒት ሲነደፍ ከፕሮቲን ጋር ምን ያህል እንደሚጣበቅ ይለካል። አንደኛው ዘዴ ቀላል ነው። ትንሽ ዕቃ በስስ ሽፋን ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ በኩል መድኃኒት የተቀላቀለበት የደም ፈሳሽ፣ በሌላው ፕሮቲን የሌለው ጨዋማ ውሃ ይደረጋል። ሽፋኑ ፕሮቲንን አያሳልፍም፤ ነፃ የሆነውን መድኃኒት ግን ያሳልፋል። ከሰዓታት በኋላ ሁለቱ ወገን ሲመጣጠን፣ ውሃው ውስጥ የተገኘው መጠን ነፃውን ይነግረናል። ሥራ የሚሠራውም ነፃው ነው። ለምሳሌ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ከ100 እጅ 99ኙ ተጣብቆ ይኖራል፤ የሚሠራው የቀረው 1 እጅ ነው።

ሴፍትሪያክሶን የተባለው የታወቀ አንቲባዮቲክ ዛሬም የወፍ በሽታ ለያዘው ጨቅላ አይሰጥም። ምክንያቱ ያው የወንበር ጉዳይ ነው።